አፍህን አውሰኝ

ሐሙስ ሐሙስ ንጋት፣ ዝናብ ቢጥልም ባይጥል፣
ኪን ሎንግ በብስክሌቱ ከደጄ ይመጣል።
ደወሉን ሁለቴ ቅጭል ያደርግና፣
"ዛሬስ የት ነው?" ይላል፣ ሳይል እንኳን "ደህና?"

እኔ ጡረታ የወጣሁ ፖስተኛ፣ እሱ የሰዓት ሐኪም፤
ሕጋችን አንዲት ናት፦
አንድ ምግብ ቤት ሁለቴ መሄድ የለም።
ኢፖህ ከተማችን፣ የኖራ ድንጋይ ተራራ የከበባት፣
ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ድስት የሚጣድባት፣
መች አልቃ ታውቅና!

አንድ ሐሙስ ከእኛ ከታሚሎች ሠፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ኋላ፣
ዶሳው እንደ ደብዳቤ ተጠቅልሎ መጣ፣ በቅጠል፣ ከነቃናው፣ ከነፍላ።
"ተረካቢ ፈርም!" ይለኛል ኪን ሎንግ፣ አፉን እንደሞላ፤
ጣቴን ወጥ ነክሬ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ነው የምንበላ።

ሌላ ሐሙስ ከማክ ሮጋያ ዘንድ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ሥር፣
በኮኮናት የበሰለ ሩዝ፣ ደቃቅ ዓሣ፣ በርበሬው እንደ ጦር።
"ሟች ሚስቴን አስቤ ነው" አለ፣ ሊሸፍን እንባውን፤
"አይ፣ በርበሬዬ ነው" ብላ ደገመችለት ጭልፋውን።

ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ፣ እሱ ከሥጋ ጿሚ ነው፤
የበሬ ሥጋ ደግሞ ለእኔ፣ ዘላለም ነውር ነው።
ሁለት ሰማይ አስፈቅደን ነው ማንኪያ የምናነሣ፤
እስካሁን ግን ከሁለቱም አልመጣብን ወቀሳ።

ከዝናቡ ወር በኋላ፣ ጉንፋን ይዞት ከረመና፣
ሲሻለው አንድ ነገር ቀረ፣ ከሄደበት ጎዳና፦
ጣዕም።
ሎሚው ውሃ ሆነበት፣ ስኳሩም አሸዋ፤
የማክ ሮጋያን ዓይነት በርበሬ፣ ያለ አንዲት እንባ ዋጣት፤ ዋ!
"አፌ ቆመ" አለኝ፣ የቆመ ሰዓት እንደሚያይ እያየኝ፤
"ስንት ሰዓት አስነሣሁ፤ ለዚህ ግን መፍቻ የለኝ።"

ሐሙስ ቀረ ብዬ ተኝቼ፣ ደወሉ ቅጭል አለ፤
"አፍህን አውሰኝ" አለኝ፣ ብስክሌቱ ላይ እንዳለ።

አርባ ዓመት የሰው ቃል አደልኩ፣ ፖስታውን ሳልከፍት፤
አሁን ቃሉ ከእኔ ተፈለገ፣ በትኩሱ፣ ከሳህን ፊት።
"ጣፋጭ ነው" አልኩት፣ ካያ የተቀባውን ዳቦ ስገምጥ፤
"ስኳርም ጣፋጭ ነው! ዘርዝር!" አለ፣ እንደ ሰዓት አፌን ሊያዳምጥ።
"እሺ። ከሥሩ ትንሽ ያረረ አለው፤ እናትህ ስትጠራህ
አንዴ ብቻ 'አቤት' ብለህ፣ ጨዋታ ላይ ሲመሽብህ።"
"ቅቤውስ?"
"ቀዝቃዛ። በር ላይ ቆሞ ልግባ ልቅር እንደሚል እንግዳ።"
"እንቁላሉ ላይ ያለው ቁንዶ በርበሬስ?"
"ዘግይቶ ይነክሳል፤ እንደ ተረሳ ዕዳ።"
ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። "ደረሰኝ" አለ፣ በፖስተኛ ወግ፤
ጣቱን አኩሪ አተር ነክሮ ፈረመ፣ በሳህኑ ጥግ።

ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ከገበያው ጓሮ፣ ሰሞኑን በተከፈተ ቤት፣
የሩዝ አጥሚት ቀረበልን፤ አቤት አልጫነት፣ አቤት!
እጅ የታጠቡበት ውሃ። እኔ ግን አንጀቴ አልችል ብሎ፣
ዝንጅብሉን አሞገስኩ፣ ሰሊጡን አነገሥኩት፣
ውሸቴን በጭልፋ እየጨለፍኩ ለወዳጄ አቀረብኩት።
ማንኪያውን አስቀመጠ። "የሞተው ምላሴ ነው፣ ዓይኔ አይደለም፤
ፊትህ እንዲህ አልጫ ሆኖ፣ አጥሚቱ ሊጣፍጥ አይችልም።"

ሳቅን። አስተናጋጁ ልጅ ደንግጦ ጨው ይዞ መጣ።
ጨመርን። ምንም አልሆነም።
ሂሳብ ከፍለን ስንወጣ

ርቦን ነበርና፣ ሕጋችንን ጥሰን ሄድን ወደ ፌርማታው፤
ማክ ሮጋያ ምንም አላለችም፤ ቋጠሯችንን ፈታንና ጀመርነው።
"ምን ይላል?" አላለኝም፤ እኔም አልነገርኩት።
የግራ ዓይኑ ጥግ ረጥቦ ነበር፤
በርበሬው ይሁን ሚስቱ፣
አልጠየቅኩት።